ከማኮብኮቢያው ባሻገር፦ የአነስተኛ አውሮፕላኖች የወፍ ግጭትና የ500 ጫማው ድንበር

በወፍና በአውሮፕላን ግጭት ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ አንድ ቁጥር ሳይጠቅስ እምብዛም አያልፍም፦ ከመቶ ግጭቶች 74ቱ የሚደርሱት ከመሬት በላይ በ500 ጫማ፣ ማለትም በ152 ሜትር ገደማ፣ ወይም ከዚያ በታች ነው። ቁጥሩን ያወጡት አሜሪካዊው የዱር እንስሳት ተመራማሪ ሪቻርድ ዶልቢር ናቸው። በ2006 «ጆርናል ኦቭ ዋይልድላይፍ ማኔጅመንት» ላይ ካሳተሙት ወዲህ በመመሪያዎችና በሥልጠና ጽሑፎች ውስጥ እንደ ሕግ ሲደጋገም ኖሯል። ከቁጥሩም አንድ ምክር ተወልዷል፤ ወፍን የመከላከል ጥረት በአየር ማረፊያው ግቢ ላይ ያተኩር የሚል። ይህ ምክር ለትልቁ የመንገደኞች ጄት ትክክል ነው። ለአነስተኛው የግል አውሮፕላን ግን አደጋውን ከዋና ቦታው ነቅሎ ሌላ ቦታ የሚተክል ስሕተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ለአነስተኛው አውሮፕላን ገዳዩ ሰማይ የሚገኘው ከማኮብኮቢያው ርቆ፣ ጥንብ አንሳዎችና ንስሮች ሽቅብ በሚወጣ ሙቅ አየር ተንሳፈው በሚውሉበት እርከን ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ደግሞ ይህ እርከን አብራሪው ሊያልፈው የማይችለው፣ ጉዞውን ሁሉ የሚጓዝበት አየር ነው። (ካልተገለጸ በቀር በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመስኩ አጠቃላይ ታሪክ ላይ ክርክር የለኝም። ኦርቪል ራይት በ1905 በዴይተን፣ ኦሃዮ አቅራቢያ ሲበር ወፍ መግጨቱን በማስታወሻው መዝግቧል። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በአውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቋረጠው ካልብሬይዝ ሮጀርስ በ1912 በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች አንድ የባሕር ወፍ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ተቀርቅሮበት ተከስክሶ ሞተ። በ1960 ከቦስተን የተነሣ የኤሌክትራ አውሮፕላን ከስታርሊንግ መንጋ ጋር ተጋጭቶ 62 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አደጋ በኋላ የስሚዝሶኒያን ተቋሟ ሮክሲ ሌይቦርን ከላባ ቁራጭ የወፉን ዝርያ የመለየትን ሙያ መሠረቱ። ጆን ቶርፕ በ2012 የመቶ ዓመቱን የሲቪል አቪዬሽን ሒሳብ ሲያቀርቡ 55 ገዳይ አደጋዎችን፣ 276 ሟቾችንና 108 የወደሙ አውሮፕላኖችን ቆጥረዋል። ከቶርፕ ሥራ ለዚህ ክርክር የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ ከ5,700 ኪሎ ግራም የማይበልጡ አውሮፕላኖችን ከትልልቆቹ ለይተው መመደባቸው። የ74 በመቶው ቁጥር ይህን ክፍፍል አያውቅም። የሁሉም ድምር ነው።

የ500 ጫማው ድንበር

የዶልቢርን ጥናት በዝርዝር ማንበብ ይገባል፤ ሲጠቀስ መደምደሚያው እንጂ ውስጡ አይጠቀስምና። ዶልቢር ከ1990 እስከ 2004 በአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የመረጃ ቋት ከገቡት ሪፖርቶች መካከል ከፍታቸው የተገለጸውን 38,961 ግጭቶች መረመሩ። ከ500 ጫማ በላይ የደረሱት 26 በመቶ ናቸው። ከዚያ ወደ ላይ በየ1,000 ጫማው የግጭቱ ቁጥር በ32 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቅነሳው እጅግ የተስተካከለ ከመሆኑ የተነሣ አንድ ቀላል ቀመር 99 በመቶውን ልዩነት ያስረዳል። በአውሮፕላኑ ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሱት ግጭቶች መካከል 66 በመቶው በ500 ጫማና ከዚያ በታች፣ 29 በመቶው ከ501 እስከ 3,500 ጫማ ባለው እርከን፣ ቀሪው 5 በመቶ ከዚያ በላይ የደረሱ ናቸው። ከዚህ ተነሥተው፣ ጥረቱ በአየር ማረፊያው ዙሪያ እንዲያተኩር፣ ከግቢው ውጭ ደግሞ ከ500 እስከ 3,500 ጫማ ያለው አየር በራዳርና በትንበያ፣ በተለይም በፍልሰት ወራት ሌሊት፣ እንዲጠበቅ መከሩ።

ሥራው ንጹሕ ነው፤ ቆጠራውንም አልጠራጠርም። ጠቤ ከቆጠራው ወደ ምክሩ ከተደረገው ዝላይ ጋር ነው።

የመጀመሪያው ክፍተት ጊዜ ነው። ግጭት የት እንደሚበዛ መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ አንድ አውሮፕላን በእያንዳንዱ እርከን ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ማወቅ ሌላ ነው። የመንገደኞች ጄት ከተነሣ በኋላ በደቂቃ 2,000 ጫማ እየወጣ ከ500 እስከ 3,500 ያለውን እርከን በአንድ ደቂቃ ተኩል ያልፈዋል። ሲወርድ በደቂቃ 750 ጫማ ገደማ ስለሚወርድ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። በድምሩ አምስት ደቂቃ ተኩል ነው። ከ500 ጫማ በታች ደግሞ መንደርደሩና ካረፈ በኋላ የሚሮጠው ተጨምሮ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል። እንግዲህ ከባድ ጉዳት ካደረሱት ግጭቶች 66ቱ በሁለት ደቂቃ፣ 29ኙ በአምስት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ተከፋፈሉ ማለት ነው። ለአንድ ደቂቃ ሲሰላ የታችኛው እርከን ስድስት እጥፍ ያህል አደገኛ ሆኖ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ ዶልቢር ትክክል ናቸው።

አሁን በዚያው ሒሳብ ሴስና 172ን እናስገባ። ይህ አውሮፕላን ቀስ ብሎ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ከ500 ጫማ በታች ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆያል እንበል። ከዚያ በኋላ ግን ወደ 35,000 ጫማ አይወጣም። በ2,000 ወይም በ3,000 ጫማ ከፍታ ላይ ተደላድሎ ሰዓት ሙሉ ይበራል። የአንድ ሰዓት ጉዞ ብንወስድ፣ በዶልቢር የራሳቸው መጠን ከባድ ጉዳት ከሚያደርሱት ግጭቶች ከአራቱ ሦስቱ የሚጠበቁት ከአየር ማረፊያው ውጭ፣ በጉዞ ላይ ነው። የአነስተኛው አውሮፕላን ፍጥነት ማነሱ በሁለቱም እርከን ስለሚታይ ድርሻውን ብዙም አይለውጠውም። ስሌቱ ግምት መሆኑን አልሸሽግም፤ የደቂቃዎቹ መጠን እንደ አውሮፕላኑና እንደ መንገዱ ይለያያል። ሆኖም ለጥንቃቄ የጉዞውን አደጋ በግማሽ ብንቀንሰው እንኳ ከአምስቱ ሦስቱ በጉዞ ላይ ይቀራሉ። በአንድ ዓይነት አውሮፕላን የጊዜ አጠቃቀም ላይ የተመሠረተ ምክር ለሌላው ሲተላለፍ የሚፈጠረው ስሕተት ይህን ያህል ነው።

ሁለተኛው ነገር ዶልቢር ራሳቸው ያገኙትና ከምክራቸው ጋር የማይጣጣመው ቁጥር ነው። በ500 ጫማና ከዚያ በታች ከደረሱት ግጭቶች ከባድ ጉዳት ያደረሱት 3.6 በመቶ ናቸው፤ ከ3,500 ጫማ በላይ ያሉት 3.2 በመቶ። በመካከል፣ ከ501 እስከ 3,500 ባለው እርከን ውስጥ ግን ድርሻው ወደ 6.0 በመቶ ይወጣል፤ ልዩነቱም በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን ስታቲስቲክሱ ያረጋግጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከታች የሚገኙት በብዛት ትናንሽ ወፎችና ርግቦች ሲሆኑ፣ ከፍ ሲል የሚገጥሙት ዝዮች፣ ዳክዬዎችና ጥንብ አንሳዎች ናቸው፤ ይህንንም ጥናቱ ራሱ ይዘረዝራል። ይህ ግኝት የጥናቱ ርእስ መሆን ሲገባው በማጠቃለያው ውስጥ ከ74 በመቶው ጥላ ሥር ወድቆ ቀርቷል። እኔ ከጥናቱ ሁሉ አንድ ቁጥር ይዘህ ውጣ ብባል 6.0ን እመርጥ ነበር።

ሦስተኛው የሌሊቱ ጉዳይ ነው። ዶልቢር ከ500 ጫማ በላይ ከደረሱት ግጭቶች 61 በመቶው በሌሊት መሆናቸውን አይተው የሌሊት ጥበቃን አስበልጠዋል። በሰሜን አሜሪካ በጨለማ የሚፈልሱ ትናንሽ ወፎችና የውሃ ወፎች ብዙ ስለሆኑ ለዚያ አገር ይህ ያስኬዳል። በዓይኑ እያየ የሚበር የግል አብራሪ ግን በብዛት የሚበረው በቀን ነው። ጥንብ አንሳና ንስርም የሚንሳፈፉት በቀን ነው፤ ፀሐይ መሬቱን ካላሞቀች ሽቅብ የሚያወጣቸው አየር የለም። ሁለቱ በአንድ ሰዓት በአንድ አየር ውስጥ ይገናኛሉ። የሌሊት ጥበቃ ለዚህ ግንኙነት ምንም አይረዳም።

የዚሁ ቋት ዓመታዊ ዘገባዎች የግል አውሮፕላኖችን ለብቻ ሲያወጡም ከአሥር ግጭቶች ሰባቱ ያህል ከ500 ጫማ በታች ይሆናሉ ብሎ የሚቃወመኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ክርክሩን ግን አይጥለውም። ሪፖርቱ በፈቃደኝነት የሚሞላ ነው። በዘገባዎቹ «የግል በረራ» የሚባለው ክፍል የኩባንያ ጄቶችንም ያጠቃልላል፤ እነርሱም እርከኑን እንደ መንገደኞች ጄት በደቂቃዎች ያልፉታል። ከሁሉም በላይ ማኮብኮቢያ ላይ የወደቀ ወፍ በማግሥቱ ጥዋት የሚያገኘው ሠራተኛ አለው፤ በእርሻ መካከል የወደቀውን ማንም አይቆጥረውም። ክንፉ ጎድጉዶ በሰላም ያረፈ አብራሪም ሰሌዳውን አስጠግኖ ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም።

የተዘነጉ ምስክሮች

የወፍ ግጭት ጽሑፎች ከአየር ማረፊያ መዛግብት ይጀምራሉ። አየሩን ከወፎቹ ጋር ሆኖ ያጠና ሰው ግን ነበር፤ እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኮሊን ፔኒኩዊክ። ፔኒኩዊክ በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ሜዳ ላይ ሞተር በተገጠመለት ግላይደር እየበሩ ጥንብ አንሳዎችን፣ አባ ኮዳዎችንና ሽመላዎችን በአየር ላይ ተከተሉ። ውጤቱን በ1972 «አይቢስ» በተባለው የአእዋፍ ጥናት መጽሔት ላይ አሳተሙ። ጽሑፉ በአእዋፍ በረራ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በግጭት ጥናት መስክ ግን ሲጠቀስ እምብዛም አላየሁም። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም የአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪ ማወቅ የሚገባውን ነገር ሁሉ በውስጡ ይዟል።

ከፔኒኩዊክ ሥራ የምንረዳው ይህ ነው። ትልልቆቹ ተንሳፋፊ አእዋፍ ክንፋቸውን በማርገብገብ ረጅም መንገድ አይሄዱም። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ሽቅብ የሚወጣውን አየር ፈልገው እየተሽከረከሩ ይወጣሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሙቅ አየር ቁልቁል ይንሸራተታሉ። ዙሪያውን የሚወጡበት አየር ከላይ ጠፍጣፋ መሠረት ባለው ነጭ ደመና ይታወቃል። የሩፔል ጥንብ አንሳ የሚያድረው በገደል ላይ ነው፤ የሚበላው ግን ሜዳ ላይ ካለው መንጋ ዘንድ ስለሆነ በየቀኑ ብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮችን ይመላለሳል። ስለዚህ የእነዚህ ወፎች መንገድ በዘፈቀደ የተበተነ አይደለም፤ ሰዓት አለው፣ ከፍታ አለው፣ መነሻና መድረሻ አለው። ሌላም ነገር አለ። ፔኒኩዊክ ከወፎቹ ጋር በአንድ ሙቅ አየር ውስጥ ሆነው ሊያጠኗቸው የቻሉት ስላልሸሹ ነው። ወፉ አውሮፕላን ሲያይ ራሱ መንገድ ይለቃል ብሎ የሚተማመን አብራሪ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከዚያው ሜዳ ነው፤ በሕይወቱ የከፈለ። የፍራንክፈርት የእንስሳት ማቆያ ዳይሬክተር የነበሩት በርንሃርድ ግርዚሜክ ከልጃቸው ከሚካኤል ጋር የሴሬንጌቲን እንስሳት ከአየር ይቆጥሩ ነበር። አውሮፕላናቸው በሜዳ አህያ ቀለም የተቀባች ዶርኒየር 27 ነበረች። ጃንዋሪ 10 ቀን 1959 ሚካኤል ብቻውን ሲበር ጥንብ አንሳ ከአውሮፕላኑ ቀኝ ክንፍ ጋር ተጋጨ፤ ግጭቱም መቆጣጠሪያውን አሰናከለው። አውሮፕላኑ ተከሰከሰ። የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ የተቀበረው በንጎሮንጎሮ እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ ነው። አባትና ልጅ የሠሩት ፊልም በማግሥቱ ዓመት የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ ዓለምም የሴሬንጌቲን ውበት አስታወሰ። የልጁን አሟሟት በወፍ ግጭት ጥናት ውስጥ እንደ መሠረታዊ ማስረጃ አድርጎ የያዘው ግን የለም ማለት ይቻላል። ሞተሩ አልጠፋም፤ ማኮብኮቢያም በአካባቢው አልነበረም። ከሮጀርስ የ1912 አደጋ ጋር ሲተያይ ሁለቱም አነስተኛ አውሮፕላኖች ናቸው፤ ሁለቱንም የገደለው የመቆጣጠሪያ መሰናከል ነው። የመንገደኞች ጄት ጥናት ሞተር ስለሚውጠው ወፍ ሲጨነቅ፣ አነስተኛውን አውሮፕላን የሚጥሉት ሌሎች ክፍሎች ሆነው ይገኛሉ፤ የፊት መስታወት፣ ክንፍ፣ የመቆጣጠሪያ ገመድና ጭራ።

የቅርብ ጊዜ አደጋዎችም ይህንኑ ያሳያሉ። በማርች 2008 ኦክላሆማ ሲቲ አቅራቢያ የተነሣ አነስተኛ የሴስና ሳይቴሽን ጄት ከ500 ጫማ በላይ ወጥቶ ሳለ ከነጭ ፔሊካኖች ጋር ተጋጨ፤ ክንፉ ክፉኛ ስለተጎዳ መቆጣጠር አልተቻለም፣ በውስጡ የነበሩት አምስት ሰዎች ሁሉ ሞቱ። በጃንዋሪ 2009 በሉዊዚያና በ850 ጫማ ከፍታ ይበር የነበረ ሄሊኮፕተር ክብደቷ አንድ ኪሎ ግራም ያህል የሆነች ጭልፊት መስታወቱን ስትሰብር የሁለቱ ሞተሮች ኃይል ወረደ፤ ከዘጠኙ ሰዎች ስምንቱ አለቁ። ሄሊኮፕተር የግል አውሮፕላን አይደለም ሊባል ይችላል፤ መስታወቱና ከኋላው የተቀመጠው ሰው ግን ከሴስናው አይለዩም።

እግረ መንገዴን ስለ አንድ ዝነኛ ግጭት ልናገር። በኖቬምበር 1973 በአቢጃን ሰማይ ላይ አንድ የሩፔል ጥንብ አንሳ በ37,000 ጫማ ከጄት ጋር ተጋጭቷል፤ ከቀሩት ላባዎችም ዝርያው ተለይቷል። ከፍ ብሎ የበረ ወፍ ሲነሣ ሁሌም ይጠቀሳል። ለእኔ ይህ ታሪክ ከሚጠቅመው ይልቅ የጎዳው ይበልጣል፤ ጥንብ አንሳን እንደ ብርቅ ነገር አስቀምጦ፣ በየቀኑ በ2,000 ጫማ የሚውለውን ወፍ አስረስቷል።

የደጋው አየር

በኢትዮጵያ ይህ ሁሉ ይብሳል። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ነው። የእንጦጦ ተራራ ወደ 10,500 ጫማ ይደርሳል፤ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የጮቄ ተራሮች ከ13,000 ጫማ ይበልጣሉ። የአነስተኛ አውሮፕላን ካቢን በአየር ግፊት ስለማይሞላ አብራሪው እንደ ልቡ ከፍ ማለት አይችልም፤ በአሜሪካ ደንብ ለምሳሌ ከ12,500 ጫማ በላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ አብራሪ ተጨማሪ ኦክስጅን መጠቀም ግዴታው ነው። እንግዲህ በባሕር ጠረፍ አገር ያለ አብራሪ ከመሬት 9,000 ጫማ ርቆ ከወፎቹ በላይ ሊበር ሲችል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አብራሪ በወለልና በጣሪያ መካከል እንደተያዘ ሰው ነው፤ ከመሬቱ ከ2,000 እስከ 5,000 ጫማ ባለው አየር ውስጥ ይጓዛል። ያ አየር የተንሳፋፊ አእዋፍ አየር ነው። መንገዱም በጀማና በዓባይ ሸለቆ ገደሎች ላይ ያልፋል፤ የሩፔል ጥንብ አንሳና ገደል አዳሪዎች ሁሉ የሚወጡባቸው ገደሎች ናቸው። 74 በመቶ የሚለው ቁጥር ስለዚህ አብራሪ ምንም አይናገርም።

ነዋሪዎቹ ወፎች ብቻ አይደሉም። የስምጥ ሸለቆውና የቀይ ባሕር መስመር በዓለም ከታወቁት የተንሳፋፊ አእዋፍ የፍልሰት መንገዶች አንዱ ነው። በ1987 መጸው በባብ ኤል መንደብ የተደረገ ቆጠራ ከየመን ወደ ጅቡቲ የተሻገሩ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ አዳኝ አእዋፍ መዝግቧል፤ ከነርሱም መካከል በርካታ የእስቴፕ ንስሮች ነበሩ። እነዚህ ወደ እኛ የሚደርሱት ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት ነው። በአዲስ አበባ ቄራና በቆሼ የቆሻሻ ማከማቻ፣ ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ባሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ዙሪያ የሚሰበሰበውን አሞራ ያየ ሰው የቀረውን ይረዳል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የቆሻሻ ማከማቻ ከአየር ማረፊያ በ13 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዳይሆን ይመክራል። ምክሩ መልካም ነው፤ ማከማቻው በ20 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በበረራ መስመር ሥር ሲሆን ግን የ13 ኪሎ ሜትሩ ክብ ምንም አይከላከልም።

አውሮፕላኑ ራሱ ምን ይችላል? በአሜሪካ ደንብ የትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን የፊት መስታወት የ4 ፓውንድ፣ ጭራው የ8 ፓውንድ ወፍ ግጭት መቋቋም አለበት። የጭራው ሕግ የተወለደው በ1962 ሜሪላንድ ላይ በ6,000 ጫማ ከስዋኖች ጋር ተጋጭቶ 17 ሰዎች ከሞቱበት የቫይካውንት አደጋ ነው፤ ከማኮብኮቢያ እጅግ ርቆ የደረሰ አደጋ መሆኑን ልብ ይሏል። ከ10 እስከ 19 መንገደኛ ለሚጭን አነስተኛ አውሮፕላን የሚጠየቀው በመዳረሻ ፍጥነት ላይ የ2 ፓውንድ ወፍ የሚቋቋም መስታወት ብቻ ነው። ከዚያ በታች ላለው፣ ማለትም ለአብዛኛው የግል አውሮፕላን፣ የወፍ ግጭት መስፈርት የለም። እንግዲህ እናስላ። የ2 ፓውንድ ወፍ በ100 ኖት ሲገጭ ጉልበቱ 1,200 ጁል ያህል ነው። 7 ኪሎ ግራም የሚመዝን የሩፔል ጥንብ አንሳ በ160 ኖት ከሚበር የሴስና ካራቫን ጋር ሲጋጭ ከ23,000 ጁል ይበልጣል። ለካራቫን እንኳ የማይጠየቀውን መስፈርት 20 እጥፍ ገደማ ያህላል። መስታወትን በማጠንከር የሚፈታ ችግር አይደለም፤ የሚፈታው ከወፉ ጋር ባለመገናኘት ነው።

አብራሪው አይቶ ይሸሻል የሚለው ተቃውሞ ብዙ አያስቸግርም። የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ሌላ አውሮፕላን አይቶ፣ ተገንዝቦና ወስኖ ለመሸሽ 12.5 ሰከንድ እንደሚያስፈልግ ያስተምራል። በ160 ኖት የሚበር አብራሪ ጥንብ አንሳን በ400 ሜትር ቢያየው የቀረው ከ5 ሰከንድ ያነሰ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ ወፍም ክንፉ ቀጭን መስመር ብቻ ሆኖ ስለሚታይ በዚያ ርቀት መታየቱ ራሱ ዕድል ነው።

ጥንብ አንሳ እየጠፋ ስለሆነ አደጋውም አብሮ ይጠፋል የሚሉም አሉ። መጥፋቱ እውነትና የሚያሳዝን ነው፤ የሩፔል ጥንብ አንሳ ከ2015 ጀምሮ በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ተመድቧል። ይሁንና የተረፈው በቄራና በገደል ዙሪያ ስለሚከማች አደጋው በዚያው መስመር ላይ ይቀራል። ደግሞም ወፉን ለመጠበቅና አብራሪውን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው እውቀት አንድ ነው፤ የት፣ መቼ፣ በምን ከፍታ እንደሚበር ማወቅ።

የሚከብደው ተቃውሞ የባሕር ዳሩ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በርግቦች መንጋ ውስጥ ገብቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ተጎዱ፤ ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ስለጠፉ ጎማውን ሳያወጣ መሬት ላይ አርፎ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። ይህን አደጋ የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ወፍ ሲባል አየር ማረፊያ፣ አየር ማረፊያ ሲባል ርግብ ቢታየው አይፈረድበትም። ስለ ባሕር ዳር የዶልቢር ምክር ትክክል ነው፤ ሣሩ ይታጨድ፣ ርግቧ የምትበላው እህል ይወገድ። ግን ያ አደጋ የጄት ሞተር አደጋ ነው። ከባሕር ዳር የተማርነውን ትምህርት ለካራቫኑ አብራሪ ብንሰጠው፣ የሚያስፈራውን ርግብ በመነሻው አሳይተን የሚገድለውን ጥንብ አንሳ በመንገዱ ላይ እንሰውርበታለን።

ሌላ መንገድ መኖሩን ደግሞ እስራኤል አሳይታለች። ዮሲ ሌሸም ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሞተር ግላይደር፣ በራዳርና በምድር ተመልካቾች የፍልሰቱን ሰዓት፣ ከፍታና መስመር ካርታ አወጡ፤ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች የሚያልፉበት ሰማይ ነው። የአየር ኃይሉ በረራዎች በዚያ ካርታ መሠረት እንዲወሰኑ ከተደረገ በኋላ ግጭቱ በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ ተመዝግቧል። ወታደራዊ ነው ተብሎ መገፋቱ አያሳምነኝም፤ ወፉ አብራሪውን በማዕረጉ አይለይም። የሌሸም ዘዴ የፔኒኩዊክ ዘዴ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ወፉን በሚውልበት አየር ውስጥ ሄዶ ማጥናት። ከእነዚያ ወፎች ከፊሎቹም በእኛው ስምጥ ሸለቆ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርዱት ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለት ወገኖች ነው። የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የሥነ እንስሳት ክፍሎች ጋር ሆኖ የደጋውንና የስምጥ ሸለቆውን የተንሳፋፊ አእዋፍ መንገድ በወር፣ በሰዓትና በከፍታ የሚያሳይ ካርታ ያዘጋጅ፤ የግጭት ቅጹም ከፍታን ከባሕር ወለል ብቻ ሳይሆን ከመሬት በላይ፣ ከደመናው መሠረት አንጻርም ይጠይቅ። አብራሪዎች ደግሞ የሚቻላቸውን ጉዞ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ የገደል አፋፍን ተጠግተው አይብረሩ፤ ጠፍጣፋ መሠረት ባለው ነጭ ደመና ሥር ሲያልፉ ፍጥነት ይቀንሱ። ወፍ ከገጫችሁ ደግሞ፣ ጉዳቱ ትንሽ ቢሆንም፣ ሪፖርቱን ሙሉ። በክንፉ ላይ የቀረውን ላባ አጥባችሁ አትጣሉት፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከፍታውን ጽፋችሁበት ከሪፖርቱ ጋር ላኩት።